የመጀመሪያው ዱቄት

«ድንጋይ እኮ ነው ጋሽ ጌትነት! ለድንጋይ ነው እንዲህ የሚያስለምኑኝ?»

ሔዋን አንድ እጇን በመስኮቱ ብረት አሾልካ ወደ ቅርስ ማሳያው ክፍል ጥግ ታመለክታለች። እዚያ፣ ክዳኑ ከጠፋ መሶብና ከአንድ የቀንድ ዋንጫ አጠገብ፣ የእናቷ ወፍጮ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም «31» ተብሎ ተጽፎበታል። እህሉን የሚያደቀው የእጅ ድንጋይ፣ መጁ፣ አጠገቡ ተጋድሟል።

«ድንጋይ አይደለም፣ ቅርስ ነው» አሉ ጋሽ ጌትነት። የጥበቃ ካፖርታቸውን በዚያ ፀሐይ እስከ አንገታቸው ቆልፈው በሩ ላይ ቆመዋል። «ተመዝግቧል። ቁጥር አለው። አንች ቁጥር አለሽ?»

«እኔ ቁጥር የለኝም፣ ግን ይርበኛል። እሱ ይርበዋል?»

«አንች ልጅ፣ ይሄ አፍሽ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሻል።»

«ጉድ ከሆንኩማ አራት ወር ሆነኝ።»

ጋሽ ጌትነት ሊስቁ ነበር፣ ተዉት። እውነቷን ነበር። መርሳ ከሐምሌ ጀምሮ በታጣቂዎቹ እጅ ናት። መብራት የለም፣ ናፍጣ የለም፣ ስለዚህ ወፍጮ ቤት የለም። ማሽላ የተረፈው ሰው ቀቅሎ ወይ ቆልቶ ይበላል፤ ዱቄት የሚባል ነገር ግን ከስኳርና ከስልክ ኔትወርክ ጋር አብሮ ጠፍቷል። ወታደሮቹ ከዚህ ክፍል ኮምፒውተሩን፣ ወንበሮቹን፣ የመስኮቱን መጋረጃ ሳይቀር ጭነዋል። ወፍጮውን ትተውታል። ድንጋይ አዝሎ የሚዋጋ የለም።

«ለእህቴ ለመስከረም ነው» አለች ሔዋን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከወለደች ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው፣ ገንፎ በአፏ አልዞረም። አራስ ንፍሮ ስትበላ አይተው ያውቃሉ? ጡቷ ደረቀ። ልጁ ሲያለቅስ የድመት ግልገል ነው የሚመስል።»

«በሙቀጫ ውቀጡላት።»

«ያለን የቡና ሙቀጫ ነው። ሞከርነው። ፍርክስክስ ያለ ነገር ወጣና ሆዷን ሲቆርጣት አደረ።»

«መንደሩ ሁሉ ወፍጮ አልነበረውም እንዴ?»

«ነበረው። የእትዬ ሀጂራ የበር ደረጃ ሆኖ በሲሚንቶ ተለስኗል። የእነ ሮማን የሽንት ቤት መሠረት ውስጥ ነው። ሽንት ቤታቸውን ላፍርስ?»

ጋሽ ጌትነት ቁልፉን በካፖርታቸው ኪስ ውስጥ አገላበጡት። ቅጭልጭልታው ይሰማል።

«ደሞዝ ካየሁ አራት ወሬ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳያዩ። «እኔም ቤት ንፍሮ የማታላምጥ አሮጊት እናት አለች። አንድም ጥርስ የላትም። አንድ ጣሳ ዱቄት ትሰጭኛለሽ። ማታ መጥቼ ዱቄቱንም ወፍጮውንም እወስዳለሁ።»

«አንድ ጣሳ? ያለን እኮ አራት ጣሳ እህል ነው!»

«እሱን እንግዲህ ለቅርሱ ንገሪው።»

በሩን ከፈቱ።

ወፍጮውን ጀርባዋ ላይ በገመድ አሰሩላት፤ መጁን ደረቷ ላይ በነጠላ ቋጠረችው። ውሃ ከወንዝ የምትቀዳበት ጀሪካን ከዚህ አይቀልም፣ ጀሪካን ግን ጎድን አይወጋም። ሔዋን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ያቆመችው ጦርነቱ ሳይመጣ ነው፤ ስለዚህ ጓደኞቿ «ጦርነቱ ከትምህርት አስቀረን» ሲሉ እሷ «እኔ ቀደም ብዬ ነው የዘመትኩት» ትላለች።

አስፋልቱ ላይ አንድ ወታደር አስቆማት። ከእሷ ብዙም አይበልጥም። የነጠላውን ጫፍ በጠመንጃው አፍ ገለጥ አድርጎ አየ።

«ምንድን ነው?»

«ድንጋይ።»

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ልበላው።»

ወታደሩ ትንሽ አያት። ከዚያ በእጁ «ሂጂ» አላት። እሱም ጠዋት የበላ አይመስልም።

ይህ ወፍጮ ከቤታቸው የወጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ዶክተር ኤርሚያስ የሚባል ሰው፣ ስለ ጥንት የእጅ ሥራ የሚያጠና፣ ከወልድያ በመኪና መጥቶ ቤት ለቤት ዞረ። ሰው የተሰበረ ጋን ሲያሳየው የወርቅ ዘውድ ያየ ይመስል ነበር። የእነ ሔዋንን ወፍጮ ጓሮ ውስጥ የዶሮ ውሃ ተሞልቶበት አገኘው። ውሃውን ደፋ፣ ተንበረከከ፣ አጉሊ መነጽር አውጥቶ የወፍጮውን ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ አየው።

«በዚህ ወፍጮ የፈጩት ሴት ቀኝ ትከሻቸውን ያማቸው ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

እናቷ እልፍነሽ እንደ ቆመች ቀረች። የሔዋን አያት በልጅነታቸው ከበቅሎ ወድቀው ቀኝ ትከሻቸው ተሰብሮ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«በምን አወቅህ ልጄ?»

«እዩት፣ በግራ በኩል ነው የጎደጎደው። የሰውነታቸውን ክብደት በግራ እጃቸው ነበር የሚጥሉት። ስንት ዓመት ፈጩበት?»

«እስኪሞቱ።»

እልፍነሽ ያን ቀን አለቀሰች፤ ሲለምናትም ወፍጮውን ለቅርስ ማሳያው ሰጠች። በምትኩ ባለ መስታወት ክፈፍ ሰርተፊኬት አገኘች። ሰርተፊኬቱ አሁንም ግድግዳው ላይ፣ ከቅድስት ማርያም ሥዕል ትንሽ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ዶክተሩ ሲሄድ ለሁሉም ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ነበር፤ «ፊቱን እንዳትነኩት። የምናነበው ፊቱን ነው።»

ነኩት እንጂ። አምና ከወልድያ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና፣ ዕቃው ሁሉ ይወልወል ሲባል፣ አንዱ ትጉህ ሰው ወፍጮውን ቫርኒሽ ቀባው። እንደ ቁም ሳጥን አብረቀረቀ። እንግዶቹ ግን አልመጡም።

ቫርኒሹን ያዩት ሔዋን ግቢ ደርሳ ወፍጮውን ሲያወርዱት ነው። እልፍነሽ በእጇ ዳሰሰችው። ጥፍሯን አሳረፈችበት፣ ተንሸራተተ። አንድ እፍኝ ማሽላ በተነችና መጁን ገፋችው። እህሉ እየተንከባለለ በዳር በዳር ወረደ።

«ወይ ማርያም። መስታወት አድርገውታል።»

«ሽታውስ!» አለች ሔዋን። «በዚህ ተፈጭቶ ገንፎ ቢሠራ ልጁ ወንበር ሆኖ ነው የሚያድገው።»

ከቤት ውስጥ መስከረም ሳቀች፣ ወዲያው ሆዷን ይዛ አቃሰተች። ባሏ ሀብታሙ ሚኒባስ ይዞ ወደ ደሴ እንደ ሄደ መንገዱ ተዘግቶ እዚያው ቀርቷል። ልጅ መውለዷን አያውቅም።

እትዬ ሀጂራ በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ። የሰባ ዓመት ሴት ናቸው፤ የሚያዩት በደንብ ነው፣ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ወፍጮውን አንድ ጊዜ ዞረው አዩት።

«መወቀር አለበት» አሉ። «ተመትቶ ይሻክር፣ እስከ ሥጋው። ይሄ ቆዳው ሁሉ መነሳት አለበት።»

«ዶክተሩ ፊቱን አትንኩ ብሏል» አለች እልፍነሽ።

«ዶክተሩ ገንፎ ልኳል?»

እትዬ ሀጂራ ቤታቸው ሄደው በር የሚያስደግፉበትን ጥቁር ድብልብል ድንጋይ አመጡ። የመውቀሪያ ድንጋይ ነበር፤ አርባ ዓመት ወፍጮ ወቅረውበታል፣ ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት በር ጠብቆላቸዋል። ወደ እልፍነሽ ዘረጉት። እልፍነሽ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«እኔ አልችልም። የእናቴ እጅ ነው ያለበት።»

«ስጡኝ» አለች ሔዋን።

«አታውቂበትም።»

«ያስተምሩኛላ። የነፃ ትምህርት ማን ይጠላል?»

እትዬ ሀጂራ አጠገቧ ተቀመጡ። «እንዲህ፣ ጋደል አድርገሽ። አትፍለጪው፣ ለቀም ለቀም አድርጊው። ዶሮ ስትለቅም አላየሽም?»

«ዶሮ አይቼ ነበር። ነሐሴ ላይ ወታደሮቹ በሏቸው።»

ግቢው ጥግ ላይ የዶሮዎቹ ቆጥ በሩ ተከፍቶ ባዶውን ቆሟል። ማንም አላፈረሰውም።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ቫርኒሹ እንደ ቀለም ቅርፊት እየተላጠ ተነሳ። ከስሩ ግራጫ አቧራ ወጣ። ሔዋን ከቀኙ ጀመረች፣ መሃሉን አለፈች። ክንዷ እስከ ብብቷ ዛለ፤ አውራ ጣቷ ተላጠ። በግራ በኩል ያለው ጎድጓዳ ላይ ስትደርስ እናቷ «ቆይ» አለቻት።

ቆመች።

እልፍነሽ ተንበርክካ መዳፏን ጎድጓዳው ውስጥ አስገባች። ልክ ይሆናል። እንደ ሰው ጉንጭ አሻሸችው።

«ይሄን ብቻ ተይው።»

«እማ፣ ቫርኒሹ በብዛት የተጠራቀመው እዚያው ነው። ጎድጓዳ ነዋ።»

«አውቃለሁ።»

«አያቴ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር?»

እልፍነሽ እጇን አወጣች። «‹ወፍጮዬን ለምን ሰጠሽ› ነበር የሚሉ» አለችና ተነስታ ወደ ቤት ገባች። በሩንም ዘጋችው፤ እንዳትሰማ።

ሔዋን ወቀረችው። ስትጨርስ ፊቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆነ፤ ፈንጣጣ እንደ በላው ፊት። ዶክተሩ ቢመጣ የሚያነበው ነገር ቢኖር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ውሃ ደፍተው በጭድ ፈተጉት፣ እንደገና ውሃ ደፉበት። ደረቀ። አሁን ችግሩ ሌላ ነው። አዲስ የተወቀረ ወፍጮ የመጀመሪያው ዱቄት አይበላም፤ የድንጋዩ ፍርፋሪ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው የሚወጣው። ድሮ ወፍጮው የሚጸዳው በገለባ ወይ በእንክርዳድ ነበር፤ የተፈጨውም ይደፋል። ዘንድሮ ገለባውንም እንክርዳዱንም የወታደሮቹ በቅሎዎች ጨርሰውታል።

«በእህሉ ማጽዳት ነው እንግዲህ» አሉ እትዬ ሀጂራ። «አንድ ጣሳ ያስፈልጋል። ከዚያ ያነሰ አያጸዳውም፣ ወላሂ።»

ከአራት ጣሳ አንድ ጣሳ። እልፍነሽ ራሷ ሰፍራ አመጣችና ወፍጮው ፊት ተንበረከከች። ለዓመታት አልፈጨችም፤ ወገቧ ግን አልረሳም። መጁን ገፋች፣ ሳበች፣ ገፋች። ዱቄቱ ግራጫ ሆኖ ወረደ። ፀሐይ ላይ ሲያዩት ብልጭ ብልጭ ይላል።

ሔዋን ቆንጥራ አፏ ውስጥ ጨመረች። ቀጭ አለ።

«ትፊው!» አለች እናቷ።

«ለማን ነው የምናስቀምጠው ታዲያ?»

«ለኔ። ቂጣ እጋግረዋለሁ። የኔ ጥርስ ደህና ነው።»

«ጥርስሽም ቅርስ ሊሆን ነው?»

«አንድ ጣሳ እህል አልደፋም፣ ሔዋን» አለች እልፍነሽ፤ ልጅቷም ቀልዱ የት ላይ እንዳለቀ ገባት። የመጀመሪያውን ዱቄት በሰማያዊ ጨርቅ ቋጠሩት።

ሁለተኛው ጣሳ ነጭ ወጣ። ሦስተኛውም። እናትና ልጅ እየተቀያየሩ ፈጩ፤ እትዬ ሀጂራ በወንፊት ነፉ። ከሁለቱ ጣሳ አንዱን እልፍነሽ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ከበሩ ጀርባ አስቀመጠችው። «ይሄ የጌትነት ነው። ማንም እንዳይነካው። ቃል ገብተናል።» አራተኛውን ጣሳ ለሌሎቹ ንፍሮ በጥሬው ተወችው።

ገንፎው ተገነፋ። እትዬ ሀጂራ ከየት እንዳመጡት ያልተናገሩትን አንድ ማንኪያ ቅቤ መሃሉ ላይ ጣሉበት። ለአራስ ገንፎ እልል ይባላል፤ ግን ወታደሮቹ ከአጥሩ ማዶ ናቸው፣ እልልታ ሲሰሙ ምን አገኛችሁ ብለው ይመጣሉ። እትዬ ሀጂራ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ይዘው በጨርቁ ውስጥ እልል አሉ። ውሃ ሊፈላ ሲል የሚያሰማውን ድምፅ ይመስል ነበር። ሔዋን መሳቅም ማልቀስም ስላቃታት ማንኪያ ፍለጋ ወጣች።

መስከረም ሳታወራ በላች። ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሕፃኑ ጡት ያዘ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ያዘ፣ ከዚያ አልለቀቀም። ሲውጥ በቤቱ ውስጥ ይሰማል። አራቱም ሴቶች እሱን ሲያዳምጡ ቆዩ።

«ይኸው» አሉ እትዬ ሀጂራ። «አልሐምዱሊላህ። ጠዋት ደግሞ ይደገማት። ሦስት ቀን ካላቋረጠች ወተቱ ይመጣል።»

ሦስት ቀን። ሔዋን በልቧ ደመረች። ነጩ ዱቄት ለጋሽ ጌትነት ከሄደ የቀረችው ያቺ አንድ ጣሳ ጥሬ ብቻ ናት፤ ወፍጮውም አብሮ ይሄዳል።

የአጥሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ።

«ጌትነት ነው» አለች እልፍነሽ ከውስጥ፣ መስከረምን ደግፋ። «ነጩን ስጪው። ወፍጮውንም አሸክሚው። አመሰግናለሁ በይልኝ።»

ሔዋን ከበሩ ጀርባ ሁለቱን ቋጠሮዎች አየች። ሰማያዊውን አነሳች። ከዚያ ነጩን ጨርቅ ፈትታ ዱቄቱን ሳህን ላይ ገለበጠች፤ የሰማያዊውን በነጩ ቋጠረች። ሰውዬው ለድንጋይ አንድ ጣሳ የጠየቀ ሰው ነው፤ ድንጋይ ይብላ።

ጋሽ ጌትነት ያለ ካፖርታቸው ነበሩ። ያለ ካፖርቱ ትንሽ ሰው ናቸው። ቋጠሮውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«በላች?»

«በላች።»

«ልጁስ?»

«እየጠባ ነው።»

«እሰይ። እሰይ የኔ ልጅ።» ወደ ግቢው አንገታቸውን ዘለቅ አደረጉ፤ ወፍጮው የተወቀረ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተቀምጧል። ብዙ አዩት። ሔዋን ቁጣ ጠበቀች፤ መልሷንም አዘጋጅታለች።

«አልወስደውም» አሉ።

«ምን?»

«ወፍጮውን። ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ኮምፒውተሩ ተዘርፏል ብዬ መዝገብ ላይ ጽፌያለሁ። ወንበሩም ተዘርፏል። መጋረጃው ሳይቀር። ሠላሳ አንድም ተዘርፏል፤ ዛሬ ጻፍኩት። ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፋቂው፣ ሌላ ሰው እንዳያየው። የእናትሽ ነው፣ እናትሽ ቤት ይኑር። ሲመቸኝ እኔም ጥሬ ካገኘሁ አስፈጫለሁ።»

ሔዋን ያዘጋጀችው መልስ ለዚህ የሚሆን አልነበረም። «እግዜር ይስጥልኝ» ለማለት አፏን ስትከፍት ጋሽ ጌትነት የቋጠሮውን ጫፍ ፈትተው ነበር። ዱቄት ካዩ ወራት ሆኗቸዋል፤ ሊያዩት ጓጉ። ቆንጠር አድርገው በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት። እጃቸው ቆመ። እንደገና አሹት። ከዚያ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉ፤ ቀጭ ያለው ለእሷም ተሰማት።

ግራና በሚባል አገር ያደጉ የገበሬ ልጅ ናቸው። እናታቸው ወፍጮ ስትወቅር አይተዋል።

«የመጀመሪያው ነው» አሉ።

የሔዋን ጆሮ ጋለ። ነጩ ዱቄት ከኋላዋ፣ ከቤቱ በር ጀርባ፣ ሳህን ላይ ነበር።

ጋሽ ጌትነት ጨርቁን መልሰው ቋጠሩት። ቀስ ብለው፣ አንድም እንዳይፈስ፣ ሁለት ጊዜ አሠሩት።

«ለነገሩ ጥርስ የላትም» አሉ። «አሸዋው አይሰማትም።»

ዞረው ሄዱ። ዳገቱን ሲይዙ ቋጠሮውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ታያቸው ነበር። አሁን ብትጠራቸው ይሰማሉ። እስከ ትልቁ ዋርካ ድረስ ይሰማሉ። ከውስጥ ሕፃኑ ጡቱን ቀይሮ እንደገና መዋጥ ጀመረ።

ሔዋን ቆርቆሮውን ዘጋች፤ መወርወሪያውንም ወረወረችበት።

ስትገባ እናቷ ምድጃው አጠገብ ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች። «ያ ሰማያዊ ቋጠሮ የታለ? ቂጣዬን ልጋግር። ቆይ፣ ይሄ ሳህን ላይ ያለውስ ዱቄት የማነው?»

«የመስከረም ነው። ነገና ከነገ ወዲያ።»

«የመጀመሪያው ዱቄትስ?»

«ለዶሮዎቹ ሰጠኋቸው።»

እልፍነሽ ቀና አለች። በተከፈተው በር በኩል ባዶውን ቆጥ አየች፣ ቀጥላ የተዘጋውን የአጥር ቆርቆሮ፣ ቀጥላ የልጇን ፊት። መስከረም ተኝታለች። እትዬ ሀጂራ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ደግ» አለች እልፍነሽ። «ዶሮዎቹ ይብሉት።»

ሳህኑን አንስታ ክዳን ፈለገችለት።